ብረቱና ወረቀቱ

ብራስልስ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1873። ፖል ቬርሌን የተባለ የ29 ዓመት ፈረንሳዊ ባለቅኔ ጠዋት ከሆቴሉ ወጥቶ ጣሪያው መስታወት ወደለበሰው የሴንት ሁበርት መገበያያ አመራ። እዚያ ከነበረ የጦር መሣሪያ መደብር ገብቶ በ23 ፍራንክ አንድ ስድስት ጎራሽ ገዛ። ከሰዓት በኋላ፣ ትቶት ወደ ፓሪስ ሊሄድ በተነሣ ወዳጁ ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሰ። አንዱ ጥይት የወጣቱን የግራ እጅ አንጓ መታ፤ ሌላው ሳተ። ቬርሌን ለዚህ ሥራው የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። የቆሰለው ልጅ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ስሙ አርተር ራምቦ ነው።

ሐረርን የጎበኘ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። ልጁ ቁስሉ ድኖ ግጥም ጽፎ ጨርሶ፣ ከሥነ ጽሑፍ ጋር እስከ ወዲያኛው ተቆራርጦ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ የቡና ነጋዴ ተቀጣሪ ሆኖ ጀጎል ግንብ ውስጥ ገብቷል። ወደዚያ እንመለሳለን። አሁን ሽጉጡን እንከተል።

ከፍርዱ በኋላ ሽጉጡ ወደ ሸጠው መደብር ተመለሰ። መደብሩ እ.ኤ.አ. በ1981 እስኪዘጋ ድረስም ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው ኖረ። ከዚያ አንድ ግለሰብ እጅ ገባ። በኖቬምበር 30 ቀን 2016 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ለሽያጭ አቀረበው። ባለሙያዎቹ ከ50,000 እስከ 60,000 ዩሮ ያወጣል ብለው ገምተው ነበር። የተሸጠው በ434,500 ዩሮ ነው።

በሙያው ዓይን ከታየ ይህ ሽጉጥ ምንም የሚያስጎመጅ ነገር የለውም። ዓይነቱ ለፎሹ ይባላል፤ የሰባት ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርስ የኪስ ሽጉጥ ነው። አሠራሩን የቀመረው የአባትና የልጅ ቤት ነው። አባትዬው ካሲሚር ለፎሹ በ1830ዎቹ ከጎኑ ቀጭን ሚስማር ብቅ ያለችበትን ጥይት አወጣ። መዶሻው ከላይ ወርዶ ሚስማሯን ሲመታት ቀለሁ ውስጥ ያለው ተቀጣጣይ ነገር ይፈነዳና ባሩዱን ያነድደዋል። ልጁ ዩጂን ጥይቱን ለተሽከርካሪ ሽጉጥ አበጀው፤ የፈረንሳይ ባሕር ኃይልም በ1858 ተቀበለው። ከዚያ በኋላ የቤልጅግና የፈረንሳይ ትናንሽ ዎርክሾፖች እንደ ጉድ ፈበረኩት። መንገደኛ ይገዛዋል፣ ባለሱቅ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ተስፋ የቆረጠ ባለቅኔም ይታጠቀዋል። ዛሬም ታሪክ የሌለው ለፎሹ አውሮፓ ውስጥ በጥቂት መቶ ዩሮ ይገኛል።

እንግዲህ ከጥቂት መቶው እስከ 434,500 ያለው ልዩነት ምንድን ነው? በአማርኛ ጠመንጃውንም ሽጉጡንም «ብረት» እንላለን። ገንዘቡ የተከፈለው ግን ለብረቱ አይደለም።

*

ከዓመታት በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ የጦር መሣሪያ ትርዒት ላይ የሄድኩት በጓደኛዬ ግፊት ነው። ጓደኛዬ የጎጃም ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን መሐል መኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜ ዕረፍቱ ነው። እኔ የጠበቅኩት ሠራዊት የሚያስታጥቅ አዳራሽ ነበር። እሱም ነበር፤ ግን አዳራሹ ዳር ላይ ከጩኸቱ ራቅ ብለው አረንጓዴ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች የዘረጉ ሽማግሌዎች ነበሩ። በየጠረጴዛው ላይ አሮጌ ሽጉጦች እንደ ጌጣጌጥ ተደርድረዋል። ሁሉም እንዳይተኮሱ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስረዋል።

አንዱ ሽማግሌ ፊት ቆምን። ጓደኛዬ እጁን ወደ አንዱ ሽጉጥ ሲሰድ ሽማግሌው የጥጥ ጓንት አቀበለው። «የእጅ ላብ ጨው ነው» አለ። «ዛሬ የነካኸው ጣትህ ከርሞ ዝገት ሆኖ ይወጣል።»

ጓደኛዬ ያነሣው ኮልት ፓይተን ነበር። ኮልት ሽጉጡን በ1955 ሲያወጣው ዋጋው 125 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ዘመን ውድ ነው። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ቀለም ከመነከሩ በፊት መስታወት እስኪመስል በእጅ ይወለወል ነበር። ስለዚህ ቀለሙ ላዩ ላይ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የሚያይህ ይመስላል። የውስጥ ዕቃዎቹንም ልምድ ያላቸው ሠራተኞች አንድ በአንድ እየሞረዱ ያገጣጥሟቸው ነበር። ፓይተንን ያከበረውም የገደለውም ይኸው ነው። የእጅ ሥራ ይወደዳል፤ የሚሠሩት ሰዎችም ያረጃሉ። ፋብሪካው መደበኛ ምርቱን በ1999 አቆመ፣ በትእዛዝ የሚሠራውን ደግሞ በ2005።

ከዚያ በ2010 ሙታን ተነሥተው ሰው የሚበሉበት የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ተጀመረ፤ የፊልሙ ዋና ሰው ወገቡ ላይ የሚያንጠለጥለው ፓይተን ነበር። የማይመረት ሽጉጥ፣ በየሳምንቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሳሎን ይገባል። ሽማግሌው ይህን ሲያወራ በግማሽ እየሳቀ በግማሽ እየተናደደ ነው። «ሠላሳ ዓመት ስለ ብረቱ ሳስረዳ ማንም አልሰማኝም» አለ። «ከዚያ አንድ የቴሌቪዥን ፖሊስ መጣ።» ኮልት በ2020 ፓይተንን እንደ አዲስ አምርቶ በ1,499 ዶላር ገበያ ላይ ሲያወጣው ብዙ ሰው የድሮው ዋጋ ይወድቃል ብሎ ነበር። በሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ ያለው የ1960ዎቹ ፓይተን ግን ከነካርቶኑ ከዚያ ከእጥፍ በላይ ተጽፎበታል። ካርቶኑ ራሱ፣ ባዶውን፣ ገዢ አለው። የወረቀት ነገር መጀመሪያ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሽማግሌው የዋጋ ሕጎቹን ሲነግረን የከብት ገበያ ደላላ ይመስል ነበር። አንደኛው ሕግ፦ አትወልውል። ባለቤቱ አሮጌ ሽጉጥ ወርሶ «ላሳምረው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትገውና አዲስ ቀለም ሲያስነክረው ግማሽ ዋጋው ወለሉ ላይ ይራገፋል፤ አንዳንዴም ከግማሽ በላይ። እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የኮልት የፈረሰኛ ሽጉጥ ለምሳሌ፣ አካሉ ከአጥንት ከሰል ጋር ተግሎ በውኃ ሲነከር የዘይት ጠብታ ዝናብ ውኃ ላይ የሚፈጥረውን ዓይነት ቀለም ያወጣ ነበር። ያ ቀለም በፀሐይና በእጅ ንክኪ ይሞታል። ከ140 ዓመት በኋላ ከእጀታው ሥር ትንሽ ቁራጭ ተርፎ ከተገኘ ሰብሳቢው እንደ ቅዱስ ሥዕል ያየዋል። የዚያ ሽጉጥ የመጀመሪያው ትውልድ እስከ 1940ዎቹ መግቢያ ድረስ 357,000 ገደማ ተመርቷል። ስለዚህ ዕድሜው ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። ብርቅ የሚሆነው ማንም ያላሳመረው ነው።

ሁለተኛው ሕግ ዘር ቆጠራ ነው። እኛ ሰውን ከነ ሰባት ቤቱ እንደምንጠይቅ እነሱም ሽጉጡን ይጠይቁታል። በአካሉ፣ በተሽከርካሪው ክብና በቃታው መከለያ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ይገጥማሉ ወይ? ኮልት የድሮ መዛግብቱን አገላብጦ ቁጥሩ በየትኛው ቀን ለየትኛው ነጋዴ እንደተላከ በክፍያ ደብዳቤ ይጽፋል። ያ ደብዳቤ ሽጉጡን ዘሩ የታወቀ ልጅ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ከጨረታ ቤቶች ሁሉ የሰማሁትን ትልቁን ታሪክ ልጨምር። በኦገስት 2021 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቦንሃምስ የተባለው አጫራች አንድ የ1873 ኮልት በ6,030,313 ዶላር ሸጠ። ግምቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ነበር። ሸሪፍ ፓት ጋሬት በጁላይ 1881 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፎርት ሰምነር በተባለ ቦታ ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ሽፍታ የገደለው በዚህ ሽጉጥ ነው። ሽጉጡ ራሱ ከሽፍታው ባልደረባ ላይ የተማረከ ነው፤ አዲስ ሆኖ ከሱቅ የወጣው ለሌላ ሰው ነበር። የሚገርመኝ ግን ከተኩሱ ይልቅ በኋላ የሆነው ነው። ጋሬት በ1908 ተገደለ፤ ሽጉጡም ኤል ፓሶ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ለዕይታ ተቀምጦ ቀረ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሲሞት የጋሬት ሚስት አፖሊናሪያ የባሌ ንብረት ነው ብላ ከሰሰች፤ በ1934 ተፈረደላት። የመበለቲቱ የፍርድ ቤት መዝገብ ባይኖር ኖሮ ያ ሽጉጥ «ይባላል» ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ከስድስት ሚሊዮኑ ውስጥ የእሷ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚያሰላ ሰው ግን አልተገኘም።

*

የዋጋው መናር ሕግም አለበት። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከ1899 በፊት የተሠራ መሣሪያ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቆጠራል፤ ለመግዛት ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አያስፈልግም። ፈረንሳይም ሞዴሉ ከ1900 በፊት የሆነውን ብዙውን ላላ አድርጋ ታየዋለች። ስለዚህ አንድ ፋብሪካ በ1898 ያመረተውና በ1899 ያመረተው ተመሳሳይ ሽጉጥ በገበያ ላይ አንድ አይደሉም። ታላቁ እንደልቡ ይዞራል፤ ታናሹ ደጅ ይጠናል።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ ነው የመረጠችው። ከ1996ቱ የደንብሌን ትምህርት ቤት እልቂት በኋላ ሽጉጥን በአመዛኙ ከሕዝብ እጅ አስወጥታ፣ ጥይታቸው መመረት ያቆመ አሮጌ መሣሪያዎችን ግን ለሰብሳቢ ተወች። ወንበዴ ቀዳዳ አያጣም፦ ጥይቱን በቤቱ ሠርቶ የአያት ሽጉጥ ይዞ ወጣ። በ2021 መንግሥት ሰባት የጥይት ዓይነቶችን ከዝርዝሩ ሰረዘ፤ የፈረንሳይ ጦር የ1873 ሽጉጥ የሚጎርሰው 11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንዱ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ መደርደሪያ ላይ ጌጥ የነበረው ሽጉጥ በማግስቱ ፈቃድ የሚጠየቅበት መሣሪያ ሆነ። በዚህ ንግድ ሽጉጥ ዋጋ የሚያገኘው መግደል እንደማይችል ሲታመንለት ነው። ቢሆንም በጣም የሚወደደው ሰው የገደለው ነው። ይህን ሁለት ነገር አንድ ላይ ማስታረቅ አልቻልኩም፤ ሽማግሌውም አልሞከረ።

ወደ ራምቦ ልመለስ። ሐረር ከገባ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱ መሣሪያ ነጋዴ ሊሆን ተነሣ። ላባቱ ከተባለ ፈረንሳዊ ጋር ተዋውሎ ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማምጣት ታጁራ ላይ ተቀመጠ። በ1885 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ንግዱን ሳያፍር ዘርዝሮታል፦ ጠመንጃዎቹ አውሮፓ ከተዋቸው ዐርባ ዓመት የሆናቸው ናቸው፤ ሊዬዥ ካሉ አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች በሰባትና በስምንት ፍራንክ ይገዛሉ፤ ሸዋ ላይ በዐርባ ፍራንክ ገደማ ይሸጣሉ። ላባቱ ታሞ ሞተ፤ ራምቦ በኦክቶበር 1886 ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ብቻውን በረሃውን ተያያዘው። አንኮበር የደረሰው በፌብሩዋሪ 1887 ነው። ንጉሡ ሐረርን ያዙ የተባለው ከጥቂት ሳምንት በፊት ነው፤ ያገኛቸውም እንጦጦ ላይ ነው። ዋጋውን ጎምደውበት፣ የላባቱን ዕዳ ቆርጠውበት፣ የቀረውን ሐረር ላይ ገዥው መኮንን እንዲከፍሉት ወረቀት ሰጡት። የአውሮፓን ውዳቂ ይዞ የመጣው ሰው ወረቀት ይዞ ተመለሰ።

የዚያ ዘመን ብረቶች ከእኛ ጋር የቀሩት በስማቸው ነው። ስናድር፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ ምንሽር የምንላቸው ሁሉ የፈረንጅ ስሞች ናቸው፤ ምላሳችን እስኪለሰልሱ ጨፍልቋቸዋል። ውጅግራ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ፣ ምንሽር «ማንሊኸር» ከሚለው የኦስትሪያ ስም ነው የመጡት። ሐረር ያለው «የራምቦ ቤት» የሚባለው ውብ የእንጨት ሕንፃም ቢሆን ባለቅኔው ከተማዋን ከለቀቀ በኋላ በህንድ ነጋዴ እንደተሠራ ይነገራል። ጎብኚው ግን ቲኬቱን ከመቁረጥ አልቀረም።

ፈረንሳዮችም ከዚህ አይሻሉም። ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎህ በጁላይ 1890 ኦቨር በተባለ መንደር ራሱን የተኮሰበት ነው የተባለ አንድ ለፎሹ አለ። በ1960ዎቹ ገደማ አንድ ገበሬ ከእርሻ ውስጥ አገኘው፤ እጀታው የለም፣ ብረቱን ዝገት በልቶታል። አፈር ውስጥ የቆየበት ዘመንና የጥይቱ መጠን ከታሪኩ ጋር ይሄዳሉ፤ ያ ሽጉጥ ነው ብሎ የሚምል ግን የለም። በጁን 2019 ፓሪስ ላይ 162,500 ዩሮ አወጣ፤ ይህም ከግምቱ ሁለት እጥፍ በላይ ነው። የሽማግሌው «አትወልውል» ሕግ እዚህ ጫፉ ላይ ደረሰ።

የእኛው ሰው ሽጉጥና ታሪክ ሲባል ወዲያው የሚያስበው ግን መቅደላን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው የጠጡት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር። ከላዩ ላይ ለቆንስል ፕላውዴን ላደረጉት ደግነት ምስጋና መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ የተቀረጸበት ነው። በዚያ ቀን የተዘረፈ ማንኛውም ዕቃ በጨረታ ሲወጣ ዛሬ ጥያቄው የዋጋ ብቻ አልሆነም። በ2021 ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ የቀረቡ መጽሐፍና ዋንጫዎች በኢትዮጵያ አቤቱታ ከጨረታው ወጥተው ወደ አገር ተመለሱ። በ2024 ደግሞ ኒውካስል ላይ አንድ ጋሻ እንዲሁ ከጨረታ ወረደ። «መቅደላ 1868» የሚል ጽሑፍ ዋጋ ይጨምራል፤ ያው ጽሑፍ ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይመሰክራል።

*

ቨርጂኒያ፣ የሽማግሌው ጠረጴዛ። ጓደኛዬ ፓይተኑን መልሶ ጥግ ላይ ወደተቀመጠ ሻካራ ሽጉጥ ዞረ። እጀታው ጎባጣ፣ ቃታው መከለያ የሌለው፣ ወደፊት የሚታጠፍ። አየውና ዝም አለ።

«ጣልያን ነው» አለ ሽማግሌው። «ቦዴዎ። የሠራዊታቸው የ1889 ሞዴል። ቅርጹን አይተው የጠቦት ታፋ ይሉታል። መከለያ ያለው የመኮንን ነው፣ ይሄ የተራ ወታደር ነው።» ሽጉጡን ገልብጦ አካሉ ላይ የተመታውን ዓመት አሳየን፦ 1894። ከመስመሩ ወዲያ ነው፤ ጥንታዊ። ዋጋው 650 ዶላር።

«አያቴ እንደዚህ ያለ ነበረው» አለ ጓደኛዬ። አያቱ በጣልያን ወረራ ጊዜ ጎጃም ውስጥ አርበኛ ነበሩ። ስድስት ጎራሹን ከማን እንደማረኩት ሲጠየቁ፣ «ከባለቤቱ» ነበር የሚሉት። በሠርግና በለቅሶ ይታጠቁት ነበር። ሽማግሌው ቀና አለ። «አሁን የት ነው?»

«በደርግ ጊዜ መሣሪያ አስረክቡ ሲባል አስረከቡት።»

«ያሳዝናል» አለና ወደ ራሱ ቦዴዎ ተመለከተ። «ይሄንን ከአንዲት መበለት ገዛሁት። ባሏ ከየት እንዳመጣው አታውቅም። አፍሪካ የዋለ ይሁን፣ መሳቢያ ውስጥ ያረጀ ይሁን ምንም የሚያሳይ የለኝም።»

«አድዋ የዋለ ቢሆንና ወረቀት ቢኖርህስ?»

«ዋጋውን አንተው ጥራልኝ።»

ጓደኛዬ ስልኩን አወጣ። ባሕር ዳር መሽቷል። «እማዬ፣ እንዴት አመሸሽ? የአባባ የሽጉጥ ደረሰኝ አለ?»

«የት ይሄዳል? ከመሬት ግብሩ ጋር ታስሮ ሳጥን ውስጥ ነው። አሁን በዚህ ሌሊት ምን ልታደርገው ነው?»

ሽጉጡ ከሄደ ከዐርባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያስረከቡበትን ወረቀት ግን እናትየው ልትጥለው አልደፈረችም፤ አንድ ቀን «ሽጉጡ የታለ?» የሚል ይመጣል ብላ። የእህቱ ልጅ መብራት ይዛ ደረሰኙን ፈልጋ፣ አንድ በአንድ ቁጥሩን አነበበችለት። ጓደኛዬ በእንግሊዝኛ ደገመው። ሽማግሌው ከኪሱ አጉሊ መነጽር አውጥቶ የራሱን ሽጉጥ ቁጥር ተመለከተ፤ መሆን እንደማይችል ሁላችንም እያወቅን ሦስታችንም ጎንበስ አልን።

«አይደለም» አለ።

ቁጥሩን ግን በንግድ ካርዱ ጀርባ ጽፎ ኪሱ ከተተው።